የአንድ ክረምት ቅጣት

ኳ! ኳ! ከግድግዳው ማዶ በትር መሬት ሲመታ ተሰማ።

«ዛሬስ ማን አማረለት ይሆን?» አለች እመት ዘውድነሽ ዘንግታ። ባሏ የኔታ ገብረወልድ ተማሪ ጥሩ ቅኔ ሲሰጣቸው መሬቱን እንደዚያ ነበር የሚመቱት። የሠልስታቸው ዕለት መሆኑ ትዝ ያላት ጎረቤቷ ዲንቄ እጇን ስትይዛት ነው።

«አይዞሽ እህቴ፣ መሪጌታ ሰብስቤ ናቸው። ተቆጥተው ነው።»

እውነትም ሰብስቤ ዳሱ ውስጥ ቆሞ በመቋሚያው መሬቱን ይደበድባል። «ይህን ሁሉ ተማሪ አስተምረው፣ የሠልስታቸውን ቅኔ ሌባ ይስጥ?»

«ሐዲስ ይስጥልኝ ብለው የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው» አሉ የደብሩ አለቃ።

«የኔታማ ያን ጊዜም ተሳስተዋል! የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሰጠ ከጉባኤ ይባረራል። በጎጃምም በዋድላም ሕጉ ይኸው ነው። አዳማ ሲደርስ ነው የላላው!»

«ሙቀቱ ነዋ!» አለ አንዱ ለቀስተኛ፤ ዳሱ በሳቅ ታመሰ። ከአርሲ ነገሌ በበቅሎ የመጣው ሐዲስ ግን አቀረቀረ።

ዘውድነሽን ያንገበገባት «ተሳስተዋል» የምትለዋ ቃል ናት። የሰው ፍርድ በገዛ ሠልስቱ ይፈርሳል? ያ ቀን ፊቷ ድቅን አለ። ሐዲስ ገና ጺም አላበቀለም። ያኔ አብሮት ይማር የነበረው ሰብስቤ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲያሰላስል ያዘጋጀውን ቅኔ ተደብቆ ሰማና፣ ማታ ቀድሞት ለየኔታ ሰጠ። ተማሪው ሁሉ «ይባረር!» ብሎ ጮኸ። የኔታ ሳቁ።

«ምስጋና ርቦት ነው» አሉ። «ሐዲስ፣ ክረምቱን ሙሉ ቅኔ አትሰጥም። ጓደኞችህ በሰጡ ቁጥር ግን እየተነሣህ፣ ‹ይህ የእገሌ ነው› ትላለህ።»

ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ ያ የልጅ ድምፅ ማታ ማታ በግድግዳው ያልፍ ነበር። እሷም ወጥ እያማሰለች አብራው ትል ነበር፤ ይህ የእገሌ ነው፣ ይህ የእገሌ ነው። ትዝ ሲላት ፈገግ አለች።

«ኧረ ሰው ያይሻል!» አለች ዲንቄ።

«ይየኝ! እሳቸውም ይስቁ ነበር።» ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሐዲስ! በል ተነሥና ስጥ፤ የአባትህ ቃል ነው!»

ሐዲስ ተነሣ። ቅኔው ሳይደናቀፍ ወረደ፤ የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ሰዉ የጠፋበት መሰለው። እሱ ወደ ሰብስቤ ዞሮ፣ በዚያ በክረምቱ ድምፅ፣ «ይህች የመሪጌታ ሰብስቤ ናት» አለና ያቺኑ ያኔ የሰረቃትን የድሮ ስንኝ መዝጊያ አደረጋት። ግእዝ ባታውቅም ያን ማታ በግድግዳው ሰምታት ነበርና ዘውድነሽ ለየቻት።

ለቀስተኛው ሁሉ ሰብስቤን አየ።

ኳ!

አንዴ ብቻ ነው የተመታው፤ የኔታ ቅኔ ሲያምርላቸው እንደሚመቱት። ዘውድነሽ በበሩ አንገቷን ብቅ አደረገች። ሰብስቤ መቋሚያውን የኔታ ይቀመጡበት ከነበረው አጎዛ ራስጌ አስደገፈና፣ ማንንም ሳይሰናበት ባዶ እጁን ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደ።