ለገምጋሚዋ የጸዳ ቤት

ኖሪስ የባሌ ወንድም ነው። እንግሊዝ አገር፣ ግሪምዝቢ ከተማ ውስጥ ከወደቡ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ብቻውን ይኖራል። ደህና ሲሆን እንደሱ ጨዋታ የሚያውቅ የለም። የአእምሮ ሕመሙ ሲነሳበት ግን አይታጠብም፣ አይበላም፤ በር ከተንኳኳ ከደረጃው ሥር ገብቶ ይደበቃል። መንግሥት በሚሰጠው የሕሙማን ድጎማ ግሌኒስ የምትባል ረዳት በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታስነሳዋለች። ድጎማው ከቆመ ግሌኒስ አትመጣም። ግሌኒስ ከመቀጠሯ በፊት በነበረው ክረምት ኖሪስ አራት ወር ሆስፒታል ተኝቷል።

መጋቢት ላይ፣ ድጎማው አሁንም የሚገባው መሆኑ እንደገና እንደሚጣራ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ያገኘሁት ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከቅቤው ሥር ነው።

"እዚህ ምን ይሠራል?"

"እንዳይበላሽ ነዋ።"

እንዲህ ያለውን ወረቀት ይሞላለት የነበረው ባሌ ሮላንድ ነው። ሮላንድ ከሞተ አሥራ አራት ወሩ ነው። ስለዚህ እስክሪብቶውን እኔ ያዝኩ።

"ምግብ ማብሰል ትችላለህ?"

"እንዴታ!"

"ለመጨረሻ ጊዜ ያበሰልከው መቼ ነው?"

አሰበ። "ሮላንድ ያን ቀይ መኪና የገዛ ጊዜ።"

"እሱማ ስድስት ዓመት አለፈው!"

"ወረቀቱ ትችላለህ ወይ አለ እንጂ መቼ አላለም።"

"እሺ። ከሰው ጋር መገናኘት ያስቸግርሃል?"

"ኧረ በጭራሽ። ሰዎች እኔ ቤት ሲመጡ ብቻ ነው። ደግሞ እኔ እነሱ ቤት ስሄድ።"

ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት።

እኛ ዘንድ እንዴት ነህ ተብሎ ደህና አይደለሁም ማለት ነውር ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ "ክፉ አይደለም" ይላል። አማቴ ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገቻቸው "ካንተ የባሰ አለ" እያለች ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ይህ ልማድ ግን አልለቀቀኝም።

ቀጥሎ ድጎማው የሚገባው መሆኑን የምታጣራው ገምጋሚ ቤት ድረስ እንደምትመጣ ተነገረን። ስህተቱን የሠራሁት ያኔ ነው። እንግዳ ሊመጣ መጋረጃ ሳይታጠብ መቅረት የማይታሰብ ነገር ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው ሄጄ ቤቱን ገለባብጬ አጸዳሁት። የተከመረውን ሳህን አጠብኩ፤ መስኮቶቹን ወለወልኩ፤ የኖሪስን ነጭ ሸሚዝ ተኮስኩ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጢሙን ላጨሁትና ጠረጴዛው ላይ አበባ አስቀመጥኩ።

"ሙሽራ መሰልኩ እኮ፣ ዊኒ።"

"ዝም ብለህ አገጭህን ቀና አድርግ።"

ገምጋሚዋ ቤክዊዝ የምትባል ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። በሩን ከፈትኩላት። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን ቃኘች።

"እንዴት የጸዳ ቤት ነው!"

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ወዲያው ጣቶቿ ሲጽፉ አየሁ፤ ራሱን ችሏል ልትል ነው።

"ሚስተር ኸርስት፣ እንዴት ነዎት?"

"በጣም ደህና፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎስ? መንገዱ አላስቸገረዎትም?"

ጻፈች።

"መታጠብ፣ መላጨትስ?"

"ይኸው እንደሚያዩኝ" ብሎ ጉንጩን ዳሰሰ።

ጻፈች። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። "ይቅርታ" አለኝ፤ የረገጥኩት እኔ ሆኜ!

"ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሰባት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ሸሚዙንም የተኮስኩት፣ ጢሙንም የላጨሁት እኔ ነኝ።"

"ዊኒ!" አለ ኖሪስ፣ ገመናውን አደባባይ እንዳወጣሁበት ሁሉ።

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። "በጣም ብሶበት ያዩት መቼ ነው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ለማንም ግን ተናግሬው አላውቅም።

"ባሌ የተቀበረ ቀን" አልኩ። "ኖሪስ ቀብር አልመጣም። ለቀስተኛውን ከሸኘሁ በኋላ መጥቼ በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ካፖርቱን ለብሶ፣ ጥቁር ክራቫቱን አስሮ እዚህ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ። የበሩን እጀታ መያዝ አልቻለም። ጣቶቹን ከጃንጥላው ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።"



ኖሪስ ወለል ወለሉን እያየ "ለምን ቀረህ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለ።

"ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?"

"ደህና ነኝ ነዋ።"

ሳቅ አመለጠው። እኔንም አመለጠኝ። ሴትዮዋ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ ረጋ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

"ዛሬ እሳቸው ባይኖሩ በሩን ይከፍቱልኝ ነበር?"

መልስ ላቀብለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

"አልከፍትም" አለ። "ከደረጃው ሥር ነበር የምሆነው። እርስዎ ክፉ ሆነው አይደለም። ደግ ሰው ይመስላሉ።"

ይህንንም ጻፈች። ረጅም ጊዜ ጻፈች።

ከሰባት ሳምንት በኋላ መልሱ በእኔ አድራሻ መጣ። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ስልኩን ሁለቴ አስጠርቼ ዘጋሁና እንደገና ደወልኩ፤ እኔ መሆኔን የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

"መጥፎ ነው?" አለ።

"ይቀጥላል። አምስት ዓመት።"

ትንፋሹን ሰማሁት።

"ግሌኒስ ትመጣለች ማለት ነው?"

"ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ንገሪልኝ። በጠዋት ገብታ መጋረጃውን ብርግድ ስታደርገው ዓይኔን ልታጠፋው ነው። የምታፈላው ሻይም ውሃ ውሃ ይላል። ደግሞ ታፏጫለች፣ ዊኒ። ያውም ያለ ዜማ!"

ባወቅኩት ሠላሳ ዓመት ውስጥ ኖሪስ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ሌላስ?" አልኩት።