ለሠልስት የመጣ ሰንጋ

ሰንጋው ከአይሱዙው ላይ ሆኖ ሲያገሳ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ለቅሶ ቀጥ አለ። ወለተጻድቅ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ በሴቶቹ ትከሻ መካከል አየችው። ቀይ፣ ሻኛው የሚያስፈራ፣ ቀንዱ ከመኪናው አጥር በላይ የወጣ በሬ ነው። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ወዳለችው ወደዚያች ጠባብ መንደር እንዲህ ያለ ሰንጋ እንኳን ለለቅሶ ለሠርግም ገብቶ አያውቅም።

«ይሄ ነው እንጂ ክብር!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም አሰፋ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ አሰፋ ግን ሹክ ሲልም ጎረቤት ይሰማዋል።

ከሾፌሩ ጎን የወረደው ሰውዬ በጥቁር ኮት ላይ ጋቢ ደርቧል። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ደርሶ ጎንበስ ሲል ወለተጻድቅ አወቀችው። በአካል አይታው አታውቅም፤ በቴሌቪዥን ነው። አቶ ገሜዳ ነው። ሟቹ ባሏ የኔሰው አገር ሁሉ እያየ፣ በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ላብ በላብ ያደረገው ሰውዬ።

የኔሰው ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ነው የሰፈሩ ሰው መርጦ ምክር ቤት ያስገባው። እዚያም የመንግሥትን ወጪና ግዢ የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ አባል ሆነ። ገሜዳ የሚመራው መሥሪያ ቤት ለገጠር ውኃ ብሎ በብዙ ገንዘብ ያስገዛቸው ፓምፖች ሸራ ለብሰው ግቢ ውስጥ ዝገው ተገኙ። ጨረታውም ንጹሕ አልነበረም። ገሜዳ ቀርቦ ሲጠየቅ የኔሰው መነጽሩን አወለቀና ክፍል ውስጥ እንደለመደው ረጋ ብሎ፣ «ክቡር ኃላፊ፣ እነዚህ ፓምፖች እስከ ዛሬ ማንን አጠጡ?» አለው። ገሜዳ አንገቱን ደፋ። ያን ማታ ማዞሪያው ላይ ያሉ ቡና ቤቶች ሁሉ ጃምቧቸውን እያነሡ «ይሄስ ማንን አጠጣ?» ሲባባሉ አመሹ። ሰውዬው ከሥራው ታገደ። ነገሩ ግን አልተዘጋም፤ ኮሚቴው ሪፖርቱን ገና አላቀረበም።

አሁን ያው ሰውዬ ወንዶቹ መካከል ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የይምሰል ለቅሶ አይደለም፤ ወለተጻድቅ በነዚህ ቀናት ብዙ ለቅሶ ሰምታለችና ትለየዋለች። ገረማት።

«እትዬ፣ በሬው ይውረድ አይደል?» አለ አሰፋ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ።

«ይቆይ።»

«ምን ይቆያል? በሬ እኮ ነው፤ ታክሲ አይደለም ፌርማታ ላይ የሚቆመው።»

«ይቆይ አልኩህ አሰፋ።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት የመጣ አይመለስም። ለባላንጣም ቢሆን በር የሚከፈተው እንዲህ ባለው ቀን ነው። የመጣን ከመለስሽ፣ የሞተብሽን ሰው እንደ አዲስ አጣላሽው ማለት ነው።»

ይህን ደግሞ ወለተጻድቅ ከእሳቸው ባልተናነሰ ታውቀዋለች። ብትቀበል የኔሰውን ካደችው፤ ብትመልስ የሐዘን ደጅ ድረስ የመጣን ሰው በሕዝብ ፊት አዋረደች። ለጊዜው በሬው ወርዶ መብራት ምሰሶው ላይ ታሰረ። ታስሮም ዝም አላለም፤ አንገቱን መዝዞ ምክር ቤቱ የላከውን የአበባ ጉንጉን ይበላ ጀመር። ልጆች ሳቁ፣ ትልልቆቹም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ወለተጻድቅ ከምክር ቤቱ ወንበር ጋር ቤቷ የገባውን ጣጣ ሁሉ ታስታውሳለች። መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ያጣላቸው ሳህን ነበር። በሰፈሩ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢቸግር አንድ ሎሚ ጣል ይደረግበታል። የኔሰው ከተመረጠ በኋላ ግን ሳህኖቻቸው እየከበዱ ይመለሱ ጀመር። ሽሮ የወሰደው ሳህን ማር ይዞ ይመጣል። ማሩን የላከችው ጎረቤት ወንድም ደግሞ የመንግሥት ጨረታ ላይ አለ። የኔሰው በር ላይ ቆሞ፣ «የእኛን ዕቃ ስትመልሱ እባካችሁ ባዶውን» ማለት ለመደ። ሰው ተቀየመው፤ «ደረቁ የኔሰው» የሚለው ስምም ያኔ ወጣለት።

ከዚያ ደግሞ የበጉ ነገር አለ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ተቋራጭ ሙክት በግ ደጃቸው ላይ አሳስሮ ሄደ። ልጃቸው ሃና ያኔ ገና ትንሽ ናት፤ በጉን አቅፋ «ዳማ» ብላ ስም አወጣችለት። የኔሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየና ምንም ሳይናገር ገመዱን ፈታ። በጉ አልሄድም ሲለው ትከሻው ላይ ጫነው። ዋዜማ ነውና መንገደኛው ሁሉ «ስንት ገዛኸው?» ይለዋል። እሱም ለጠየቀው ሁሉ ቆም እያለ፣ «አልገዛሁትም፤ እየመለስኩት ነው» እያለ ዓለም ባንክ ደረሰ። ብዙነሽ ጎረቤታቸው እስካሁን ስታወራው በሳቅ ትፈርሳለች። ሃና ግን ያን ፋሲካ የዶሮውን ወጥ አልቀመሰችም።

ወለተጻድቅ ውኃ ፍለጋ ብላ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተዋታል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ለዚህ ሰፈር ምን ሠራ? ኮብልስቶን እንኳ አላስነጠፈም» አለች አንዷ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሱ ግን ሳይቆጨው ሞተ» አለች ሌላዋ።

«የሰው የማይበላ፣ ከሰው የማይበላ። ጦር ኃይሎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ወድቆ የቀረው አንድ ሰው አጠገቡ ስላልነበረ አይደል?»

ወለተጻድቅ ውኃውን ሳትቀዳ ወጣች። ያልበላ መባሉ አላመማትም፤ ከሰው የማይበላ መባሉ ነው ያመማት። ምክንያቱም እሷም በሆዷ የምታስበው ይህንኑ ነበር። ኮሚቴው ለመስክ ሲወጣ የሚጎበኘው መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ምሳ ያዘጋጃል፤ ክትፎው ጥብሱ ይደረደራል። የኔሰው ግን ከቤት ነው የሚቋጥረው። «በጎረስኩበት አፍ እንዴት አድርጌ ልጠይቅ?» ይላል። በነጋ ጊዜ ባለ ሁለት ድርቡን ምሳ ዕቃ ስትሞላለት፣ ሁልጊዜ ትከሻዋ ላይ ሆኖ «ጨመር አድርጊበት» ይላታል። እንደ ቀጭኔ የቀጠነ ሰውዬ ነው፤ የት ይገባል ትላለች።

«ሌላ ሚስት አለችህ እንዴ?» ብላ ታበሽቀዋለች።

«የመንግሥት ሥራ ያስርባል፣ ወለቴ» ይላል።

አንድ ቀን አብሮት የሚሠራ ሰው፣ «ጋሽ የኔሰው እኮ ምሳ ሰዓት ብድግ ብሎ ዛፍ ፍለጋ ይሄዳል» ብሎ ሲስቅ ሰማች። ከዚያ ጀምሮ ምሳ ዕቃውን በዘጋች ቁጥር፣ ሰው ሁሉ አንድ ማዕድ ከቦ እሱ ብቻውን ዛፍ ሥር ሲጎርስ ይታያትና ሆዷ ይባባል። ነግራው ግን አታውቅም።

ሃና ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ፌስታል ይዛ መኝታ ቤት ተቀምጣለች። ኮቱ፣ መነጽሩ፣ ምሳ ዕቃው። ከመስክ ሲመለስ ነበር የወደቀው። ምሳ ዕቃውን ማንም አልከፈተውም።

«እማዬ፣ በሬውን ተቀበይው በቃ» አለች ሃና። «አባዬ የለም። የሞተ ሰው ከማንም ምንም አይጠየቅም። አንድ ቀን እንኳ በአባዬ ስም ሰው ጠግቦ ይብላ።»

ወለተጻድቅ ልጇን አቀፈቻት። የሃና ድምፅ ውስጥ ያ በግ አሁንም አለ። አዘነችላት፤ እውነትም ትክክል መሰለቻት። በዚህ መሃል አሰፋ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«እትዬ፣ ደስ የሚል ወሬ! ለሠልስቱ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ነገ ይመጣሉ፤ አሁን ደወሉ። በሬው እንዴት ያለ ሰዓት ላይ ደረሰ! ሽሮ ልናበላቸው ነበር እኮ።»

ወለተጻድቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አሰፋ ደስታዋ ነው ብሎ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ገሜዳ ሊሰናበት ሲነሣ በሃና አስጠራችው። እቤት ገብቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሃና ከፔርሙዝ ቡና ቀድታ ሰጠችው፤ ሲኒውን ይዞ ቀረ።

«አቶ ገሜዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ወለተጻድቅ። «ባለቤቴ ከእንጀራዎ ያፈናቀለዎት ሰው ነው። ምን ሆነው ነው እንደዚያ ያለቀሱት?»

ገሜዳ ሲኒውን መሬት አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ግቢያችንን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ምሳ አሰናድቼ ነበር። ሁሉም ቀረቡ። ጋሽ የኔሰው ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ግራር ሄዱ። ደሜ ፈላ። እኔ ያደግኩበት አገር እንግዳ ሳይበላ ከሄደ ስድብ ነው። ተከትያቸው ሄድኩና፣ ‹ናቁን ማለት ነው?› አልኳቸው። እሳቸው ድንጋዩ ላይ ጠጋ አሉልኝ። ‹ና ቁጭ በል። የአንተን እኔ መብላት አልችልም። የእኔን ግን አንተ መብላት ትችላለህ፤ አንተ እኔን አትመረምረኝማ› አሉኝ። ታጥበው አጎረሱኝ። ዕቃውን ላሳጥብላቸው ስወስድም፣ ‹ስትመልሰው ባዶውን› አሉኝ።»

ወለተጻድቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቋንጣ ፍርፍር ነበር» አለ ገሜዳ። «በሁለት ድርብ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። የኮሚቴውን ሾፌር በኋላ ስጠይቀው፣ የትም ቢሄዱ እንደዚያው ናቸው አለኝ። የሚመረምሩትን ሰው፣ ወይ ዘበኛውን፣ ዛፍ ሥር ጠርተው ካላጎረሱ አይበሉም። ከዚያ በሳምንቱ አዳራሽ ውስጥ ቆዳዬን ገፈፉት፤ ይገባኝም ነበር። ስንወጣ ኮሪደር ላይ ጠብቀው ያዙኝና፣ ‹ምሳ በልተሃል?› አሉኝ። ከታገድኩ ወዲህ ስልኬ ላይ የሚደውል ጓደኛ ጠፋ። እሳቸው ግን ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ሳያነሡ፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ ብለው ይደውሉ ነበር።»

ሃና ማልቀስ ጀመረች። ወለተጻድቅ ግን አላለቀሰችም። ስንት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሥር ብቻውን ሲጎርስ ያየችው ሰው፣ ለካ አንድም ቀን ብቻውን አልበላም። ጨመር አድርጊበት ሲላት የሰው ድርሻ መጠየቁ ነበር። ደስ አላት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ እንደዚህ ናፍቃው እንደማታውቅ ተሰማት።

ፌስታሉን ሳበችና ምሳ ዕቃውን አውጥታ ከፈተችው። ሁለቱም ድርብ ባዶ ነው፤ በእንጀራ ተጠርጎ ያለቀ። የመጨረሻውንም ምሳ ከአንድ ሰው ጋር በልቷል።

«አቶ ገሜዳ» አለች ቀስ ብላ። «በሬውን ይዘውልኝ ይሄዳሉ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ እናቴ ትሙት፣ ምንም አስቤ አይደለም። ያጎረሱኝን እጅ ላከብር ነው እንጂ...»

«አውቃለሁ። አንጀትዎን አየሁት እኮ። ግን ነገ ኮሚቴው በሙሉ እዚህ ድንኳን ውስጥ ይበላል። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ገና እጃቸው ላይ ነው። የኔሰውን ቀብሬ፣ በሬዎን በእሱ ድንኳን ላበላቸው ነው?»

ገሜዳ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ይህ ጭራሽ አልመጣበትም ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሰንጋ ይዞ መምጣቱን እንጂ፣ ሰንጋውን ማን እንደሚበላው አያሰላም።

«እሳቸው የተናገሩ መሰለኝ» አለ።

ወለተጻድቅ ወደ ጓዳ ገባች። ምሳ ዕቃውን አጠበች፣ አደረቀች። ጎረቤት ካመጣው እንጀራ አጥፋ ደረበች፣ የብዙነሽን ምስር ወጥ ጨለፈች። ሽንኩርት ከታፊዎቹ እጃቸውን አቁመው ያዩዋታል። አንድ ጭልፋ ጨመረች። ትንሽ ቆማ አሰበችና ሌላም ጨመረች።

ውጭ አሰፋ በሬው ወደ መኪናው ሲመለስ አይቶ ጭንቅላቱን ይዟል። «ጉድ! በሞቱም በግ ተሸካሚ!» ይላል። ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን መሬት መታ አደረጉና ወደ ወለተጻድቅ ዞሩ።

«የመጣን መለስሽ?»

«በሬውን ነው ጋሽ ይመር። ሰውዬውን አልመለስኩም። ነገ ከእኛ ጋር ሽሮውን ይበላል።»

ሽማግሌው በምርኩዛቸው ወደ ድንኳኑ ጠቆሙና፣ «እንግዲያ ከዘመድ ጎን ነው የሚቀመጠው» አሉ። ሃና ሄዳ የበሬውን ገመድ ጫፍ ይዛ ለሾፌሩ አቀበለችው። የምክር ቤቱ አበባ አንድ ቅጠል እስካሁን ከበሬው ከንፈር ላይ ተንጠልጥሏል። ሃና በእጇ ጠረገችለት፤ ግንባሩንም ዳበሰችው።

ወለተጻድቅ ምሳ ዕቃውን ለገሜዳ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ጨመር አድርጌበታለሁ፤ ብቻዎን እንዳይበሉት» አለች። «ዕቃውን ለአርባው ሲመጡ ያመጡልኛል። ሲመልሱት ታዲያ...»

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።

«ባዶውን» አለ ገሜዳ።

ራሷን ነቀነቀች። ሊሄድ ዞር ሲል እጁን ያዝ አድርጋ አቆመችውና፣ በየማለዳው በር ላይ ታደርገው እንደነበረው፣ የምሳ ዕቃውን መቀርቀሪያ በአውራ ጣቷ አንዴ ጫን አደረገችው።