የቱቦው አፍ

ሚጣ የመወዳደሪያ መኪናዋን የአየር ማስገቢያ ቱቦ በመዳፏ ነካ አድርጋ እጇን ቶሎ ሰበሰበችው።

"ጋሼ፣ እስቲ አንተ ራስህ ንካው።"

ታላቅ ወንድሟ መካኒኩ አልነካውም። ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ብሎን የሚያጠብቅ መሰለ፤ የሚጠብቅ ብሎን ግን አልነበረም። ቱቦውን ከአሉሚኒየም ቆርጦ፣ በይዶ፣ መስታወት እስኪመስል አሽቶ የሠራው እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ሞተሩ አየር ሲስብበት የሚወጣው ድምፅ ሰፈር ያንቀጠቅጣል። በዚያ ድምፅ የተማረኩ አምስት ደንበኞች ለየመኪናቸው አሠርተውታል፤ "ፕሮፌሰር" የሚል ስምም ለእሱ አውጥተውለታል። ስሙ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ጥሞት ነበር።

"ጠዋት ልምምድ ላይ እኮ ትበር ነበር" አለ።

"ጠዋት ብርድ ነበር። አሁን ቀትር ነው። መነሻው ላይ ተራ ስጠብቅ ሰልፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሜ ስነሳ፣ ነዳጁን እስከ ታች ብረግጠውም ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ባዶ በርሜል ሆናልሃለች።"

የዳገቱ ውድድር ሦስት ዙር አለው፤ ከሦስቱ የተሻለው ሰዓት ይያዛል። ሁለቱ አልፈዋል። ለፍጻሜው የሚያልፉት ስምንት ናቸው፤ ሚጣ አሥራ አንደኛ ናት። በሥራ ቀን ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሁዷን ሁሉ የሰጠችው ለዚህች መኪና ነው። ዘንድሮ ካልሆነላት መሪ ጨብጣ እንደማትወዳደር ለቤተሰቡ ተናግራለች። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ናት።

"ሾፌሩም እኮ..." ብሎ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ቃሉን ዋጠው።

"ጨርሰው።"

"ተይው።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ሄልሜቷን አንስታ ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። አቀርቅራ ሲያያት አንጀቱን በላችው።

ያኔ ቱቦውን ነካው። ያቃጥላል። ጫፉ ላይ ያለው የአየር ማጣሪያ ራዲያተሩ ጀርባ ተቀምጦ የሞተሩ ትኩሳት ይነፍስበታል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ብዙ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ብዙ ነዳጅ ያነዳል፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ትኩስ አየር ግን ስስ ነው። ይኼን ለመጣ ለሄደው ሲሰብክ የኖረ ሰው፣ ኮፈን ሲከፈት ቱቦው እንዲታይለት ብሎ አፉን ምድጃ ላይ ደቅኖታል። መኪናዋ ስትሮጥ ንፋስ ይደርስላታል፤ ስትቆም የራሷን ትንፋሽ መልሳ ትምጋለች። "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" አለ ለራሱ።

"ሚጣ፣ ስንት ደቂቃ አለን?"

"አርባ አምስት።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። ቱቦው ደህና ነው፤ አፉን ነው ያለ ቦታው ያስቀመጥኩት። ነይ ያዥልኝ።"

ቀና ብላ አየችው። "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚለውን ነገር ከአፉ ስትሰማ በሠላሳ ዓመቷ የመጀመሪያዋ ነው።

"አመመህ እንዴ?" አለችው፤ ግን መጣች።

ከቆርቆሮ የተሠራውን የመፍቻ ሳጥኑን መሬት ላይ ዘረገፈው። ሙያውን ከጀመረበት ቀን አንስቶ አብሮት የኖረ ሳጥን ነው። በቆርቆሮ መቀስ ሁለት ቦታ ቀደደው፤ የሞተሩ ሙቀት እንዳይደርስበት ማጣሪያውን ውስጡ ከትቶ ክዳኑን ዘጋበት። ከዚያ የፊት መከላከያው ላይ ያለውን የጉም መብራት ነቀለና፣ በቀረው ቀዳዳ በኩል ሰፊ ተጣጣፊ ቱቦ እስከ ሳጥኑ ድረስ አስገባ። አሁን ሞተሩ ከፊት፣ ከውጭ ይስባል። እሱ ሲያዝ እሷ ከትእዛዙ ቀድማ ማሰሪያውን ታጠብቅ ነበር።

"የቆርቆሮ ሱቅ የዋጠች መሰለችልህ" አለች።

"ዝም ብለሽ አጥብቂ።"

ሰልፉ በቆመ ቁጥር ሙቀቱ እንዲወጣ ኮፈኑን እየከፈተ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየዘጋ ጎን ጎኗ ሄደ። ሰው ሳቀበት። ይሳቅ።

ባንዲራው ሲወርድ መኪናዋ እንደ ወትሮው አላጓራችም፤ ሄደች። መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ተከተላት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ማርሽ ስትቀይር ጉልበቷ አልተቆረጠም። ድምፅ ማጉያው "ሰባተኛ" ሲል፣ እዚያው መነሻው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንባው መጣ፤ ደስ ብሎት ስለነበር አልደበቀውም።

ሚጣ ተመልሳ ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ ከአምስቱ ደንበኞች አንዱ፣ ባለ ቀይ መኪናው ነጋዴ፣ ሰዉን እየገፋ መጣ።

"ፕሮፌሰር፣ አኮራኸን። ያ ቱቦ የኔም መኪና ላይ አለ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የዋልኩት።"

አመሰግናለሁ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሚጣ ሄልሜቷን እያወለቀች ወንድሟን ታየዋለች።

"ያንተ ላይ ያለው ይኼኛው አይደለም" አለ መካኒኩ። "ያንተ ላይ ያለው ሁለት ዙር ያስበላን ነው። ትኩስ አየር ነው የሚስበው። ተሳስቻለሁ፤ ሰኞ አምጣትና በራሴ ወጪ ላስተካክልልህ።"

ነጋዴው ጠጋ አለው።

"ድምፁስ?"

"ድምፁ ይቀንሳል።"

"ይቀንሳል?" ሰውዬው መርዶ የሰማ መሰለ።

"መኪናህ ግን ትሄዳለች።"

ነጋዴው ራሱን እየነቀነቀ "እሺ፣ ሰኞ" ብሎ ሄደ። ሚጣ መጥታ ወንድሟ ትከሻ ላይ እጇን ጣል አደረገች።

"አራት ቀሩህ፣ ፕሮፌሰር።"

መካኒኩ ግራሶ የነካ ጣቱን በሱሪው ጠረገና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለሁለተኛው ደንበኛ ደወለ።