ያልተሰመረው ቀስት

ማርከሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ሊደርሳት ሁለት ሰው ሲቀረው፣ ፕሮግራመሯ ማስመሪያ መዳፏ ማላቡ ታወቃት። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ተመልሶ ላበ።

ማስመሪያ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የሆስፒታሉን የላቦራቶሪ ውጤት የሚመዘግበውን ፕሮግራም ከጻፉት መካከል እንደሷ ጥንቅቅ ያለ የለም፤ በባዶ እጇ የምትስበው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሌላው ሰው ነጩ ሰሌዳ ላይ ያጣመመውን አይታ ማለፍም አይሆንላትም። ባለቤቱ እስኪቀመጥ ትጠብቅና ሄዳ በጣቷ አጥፍታ አቃንታ ትሠራዋለች። ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ዛሬ ግን የሚያስቃት ነገር አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ ሕመምተኞች ውጤታቸውን በየስልካቸው ሊያዩ ነው። እስካሁን በግቢው ውስጥ ታጥሮ የኖረው መዝገብ ወደ ውጭ በር ሊወጣለት ስለሆነ፣ ሌባ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል አስቀድመው ለማወቅ ሰባት ሰዎች በአንዲት ክፍል ታጭቀዋል። የሚመራቸው የደኅንነት ባለሙያው ነው። ጠርጣሪው ይሉታል፤ የገዛ ጥላውን መታወቂያ ይጠይቃል ተብሎ ይታማል። አሠራሩ ቀላል ነው። ደም ከሕመምተኛው ክንድ ከተቀዳበት ሰዓት ጀምሮ ውጤቱ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ የራሱን ድርሻ ይስላል። ሰው በአራት ማዕዘን፣ ሥራ በክብ፣ መዝገብ በሁለት ትይዩ መስመሮች፣ የመረጃው መንገድ በቀስት። የሚታመነው አልቆ የማይታመነው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀይ የተቆራረጠ መስመር ይሰመራል። በሥዕሉ ላይ የሌለ መንገድ ጠባቂ አይቆምለትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሕጉም አንድ ብቻ ነበር። «እዚህ ክፍል ውስጥ ከየት ወዴት ነው የምንለው» ብሎ ነበር ጠርጣሪው ሲጀምሩ፤ «ማን አንልም።» ከዚያ እንደ ልማዱ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትለዋን ተረት ጨመረባት። በየስብሰባው ስለማይተዋት ሁለቱ ወጣት ፕሮግራመሮች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረውት አሏት። ማስመሪያ ብቻ እንደ አዲስ ሰማቻት።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ወር፣ ሲስተሙ በየማለዳው ይቆም ነበር። እናቷን ጥላ መምጣቱ ቢቸግራት፣ ከቤቷ ኮምፒውተር ቀጥታ ወደ ውጤት መዝገቡ የሚያስገባ የጓሮ መንገድ ከፈተች። የይለፍ ቃሉንም እንዳይጠፋት ብላ ቀላል አደረገችው። እናቴ የተነሣች ዕለት እዘጋዋለሁ ብላ ነበር። እናቷ ተነሣች፤ መንገዱ ሳይዘጋ ቀረ። ዛሬ ነገ ስትል ሲስተሙ እንደገና ቆመ፤ እሷም ካልጋዋ ሳትወርድ በዚያው በኩል ገብታ አስነሣችው። ሰው ቢሮ ሲደርስ ሁሉ ነገር ሰላም ሆኖ ጠበቀው። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት «የዚች ልጅ እጅ መድኃኒት ነው» አላት። ምስጋናው ጣፈጣት። ከጣፈጣት በኋላ መዝጋቱ ከበዳት፤ ጊዜው ከረዘመ በኋላ ደግሞ መናገሩ።

ሰኞ ሳይደርስ እሑድ ዕለት ድምፄን አጥፍቼ እዘጋዋለሁ ብላ ነበር ሌሊቱን ስታሰላስል ያደረችው። ማን ያውቃል? ነገር ግን ሐሳቡ ጠዋት ላይ እንደ ሌሊቱ አልጣማትም። እሷ በገባችበት መንገድ ሌላ ሰውም ገብቶ እንደሆነ ማን ይመረምራል? በሁለት ዓመት ውስጥ የአንዱ ውጤት ተሰርቆ፣ ወይም የአንዲቷ ቁጥር ተለውጦ ቢሆንስ? ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው ማኅደር ያለው በጠርጣሪው እጅ ነው፤ የት እንደሚፈልግ ካልነገሩት ደግሞ ጠርጣሪውም ቢሆን ነቢይ አይደለም። የእናቷ ደም ውጤትም እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። በየሦስት ወሩ የመድኃኒቷ መጠን የሚወሰነው በሱ ነው።

ማርከሩ እትዬ መዝገብ ዘንድ ደረሰ። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ጀርባ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ሴት ናቸው። ስለ ኮምፒውተር በሚነገርበት ስብሰባ ምን ሊያደርጉ ተጠሩ ብለው ሌሎቹ ሲጠይቁት፣ ጠርጣሪው ማን ይናገር የነበረ ብሎ ነበር የመለሰላቸው። እትዬ መዝገብ ከመስኮታቸው እስከ ሐኪሙ ክፍል አንዲት አጭር ቀስት ሳቡ። ሊቀመጡ ዘወር ካሉ በኋላ እንደገና ወደ ሰሌዳው ዞረው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ማርከሩን ለማስመሪያ ሰጥተው ተቀመጡ፤ ዐይናቸውንም ከጠረጴዛው አላነሡ።

ማስመሪያ ድርሻዋን ሳለች። ክቦቿ ክብ፣ ቀስቶቿ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው፣ በሉ ፈርመን እንነሣ አለ። ሥራው ሰኞ እንዲጀመር የሚፈቅደው ቅጽ ከፊቱ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለውን ዘንግቶታል።

ጠርጣሪው ማንንም ሳያይ፣ «ሌላ መንገድ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ማስመሪያ አልተቀመጠችም ነበር። ዝም ብላ ብትቀመጥ የሚያስነሣት አልነበረም። ሄደች ወደ ሰሌዳው ጠርዝ፤ ከቀዩ መስመር ውጭ አንዲት አራት ማዕዘን ሳለችና ውስጧ «ቤት» ብላ ጻፈችባት። ከዚያ ቀዩን መስመር ሰንጥቆ ውጤት መዝገቡ ድረስ የሚዘልቅ ቀስት ሳበች። ቀስቱ መሐል ላይ ጎበጠባት።

«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ማነው ይህን የከፈተው?»

ጠርጣሪው እጁን አነሣ። ማን አንልም ተባብለናል አለው፣ ረጋ ብሎ። ሕጉ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ሰዓት ነበር፤ ልትጠለልበት ትችል ነበር። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተቀበለችው ምስጋና ሁሉ በስሟ ነበር የመጣው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እጅሽ መድኃኒት ነው ስትሉኝ የኖራችሁት፣ በዚህ በኩል እየገባሁ ነው።»

የቀረውንም ነገረቻቸው። የእናቷን ሕመም አልደበቀችም፣ ምክንያት አድርጋም አላስረዘመችው። ምስጋናው ጥሟት እንደተወችው ስትናገር ፊቷ ጋለ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና ቅጹን ገልብጦ አስቀመጠው። ሰኞ የሚባለው ነገር እንደሚቆይ፣ ስለሷ ደግሞ በኋላ ለብቻ እንደሚነጋገሩ ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረ፤ ቁጣ ብቻ ግን አልነበረም። ጠርጣሪው ከቀስቱ አጠገብ ቁጥር አንድ ብሎ ጻፈ። ማኅደሩን ሦስት ሰው ተካፍሎ ካየው ማን እንደገባበት በአራት ቀን ይታወቃል አለ፤ ከሦስቱ አንዷ እሷ ብትሆን እንደሚመርጥም ጨመረ፣ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናትና። ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ወደ ደረቷ ሙሉ ገባ።

ሐፍረቱ አልለቀቃትም። ቢሆንም ዐይኗ የጎበጠው ቀስት ላይ አረፈ፤ ጣቷም ልታጠፋውና ልታቃናው በልማድ ተነሣ።

«ልጄ፣ ሳትቀመጪ ማርከሩን ወዲህ በይው» አሉ እትዬ መዝገብ።

ከወንበራቸው እየተደገፉ ተነሡ። ከመስኮታቸው አጠገብ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳሉ፤ ሥዕሉ ከምንም ይልቅ ሳሙና ይመስል ስለነበር ስልክ መሆኑን በአፍ ማስረዳት ነበረባቸው። «ሲስተሙ ሲቆም ሐኪሙ ቆሞ አይጠብቅም» አሉ። «የውጤቱን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሣና እልክለታለሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ። ስልኩ ደግሞ እቤት ስገባ የልጅ ልጆቼ ነው።»

አንደኛው ፕሮግራመር ሳቁ አመለጠው፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ፣ ዐይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከስልኩ ወደ ሐኪሙ የሳቡት ቀስት ሁለት ቦታ ተጣሞ፣ ቀዩን መስመር አንዴ ወጥቶ አንዴ ገብቶ ደረሰ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«ጠመመብኝ፤ አንቺ አቅኚልኝ» አሏት።

ማስመሪያ ሁለቱን ቀስቶች አየቻቸው። የተነሣ ጣቷን ቀስ ብላ አወረደች።

«ይሁን እትዬ» አለች፤ «እንዲህም ሆኖ ይታያል።»

ማርከሩን ከእጃቸው ተቀብላ ልትከድነው ስትል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ቅድም ድርሻውን ስሎ የጨረሰው የላቦራቶሪው ባለሙያ ተነሥቶ ወደ ማርከሩ እጁን ዘርግቶ ነበር።