እናቴን የሚያስቀር ዘዴ

ሉጆው ከተማ ውስጥ ሰው በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አይቼ የትኛው የምክር ዘዴ እንደሚስማማው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። የሥነ ልቦና አማካሪዋ አሠሪዬ መምህርት ፉ እንኳ አራት ዓይነት ዘዴ ተምረው፣ ግድግዳውን በምስክር ወረቀት ሸፍነው፣ ሰውየውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳያነጋግሩ አይወስኑም። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ለወጣሁት ለእኔ ግን አንድ እይታ ይበቃኛል።

ሥራዬ የእሳቸውን የምክር ክፍል መጠበቅ ነው። ክፍሉ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ወለል እወለውላለሁ፣ ለሚመጣው ሰው ሙቅ ውኃ እቀዳለሁ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የአሸዋውን ሣጥን አሸዋ በወንፊት እነፋለሁ። ሣጥኑ እንደ ትልቅ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። መደርደሪያው ላይ ሰው፣ ቤት፣ ዛፍ፣ ነብር፣ መኪና፣ የሌለ ነገር የለም፤ ሁሉም ጣት ጣት የሚያክሉ ናቸው። ጭንቀቱን መናገር ያቃተው ሰው ከዚያ እያነሳ አሸዋው ላይ ያቆማል። ሕጉ ሁለት ነው፤ ያቆመውን ማንም አይነካበትም፣ ዓይኑ እያየም አይፈርስበትም። የማፈርሰው እኔ ነኝ፣ እሱ በሊፍት ከወረደ በኋላ።

ስለ ጫማው ልንገራችሁ። ጫማውን እንደ ወታደር አሰልፎ የሚያስቀምጥ ሰው የቤት ሥራ ወረቀት ይሰጠው፤ ሐሳቡን በሰንጠረዥ ሲሞላ ይረጋጋል። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ የሚወረውር ወደ አሸዋው ይሂድ። ክሩን ይዞ ልፍታ አልፍታ እያለ የሚያመነታውን ዝም ብለው ይስሙት። እናቱ ጎትታ ያመጣችው ተማሪ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እናትየዋ ትታይ። ይህን ለመምህርት ፉ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና ካለፉት አሥራ አንድ ሰዎች ስንቱን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ዘጠኙን አልኩ። ሰባት ነበር።

እሳቸውስ እንዴት እንደሚመርጡ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የተማሩት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ባንዴ ከሚያስለቅስ ታዋቂ አሠልጣኝ ነበር። እሳቸውም አልቅሰው ተመለሱና ያንኑ በአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ላይ ሞከሩት። ሾፌሩ «መምህርት፣ አሞዎታል እንዴ?» አላቸው። ቀጥሎ ከባሕር ማዶ በስክሪን፣ በአስተርጓሚ የሚሰጠውን የዝምታ ዘዴ ሁለት ዓመት ተማሩ። ዝም ያሏት የመጀመሪያዋ ሴት የተቆጧት መስሏት ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ቆየች።

«እዚህ የሚመጣ ሰው ‹መምህርት፣ ምን ላድርግ፣ ይንገሩኝ› ብሎ ነው የሚቀመጠው» አሉኝ። «ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቀውን አጎርሰዋለሁ። ምን እንደራበው የሚነግረኝ ትንሽ ሲቀምስ ነው።»

ይህን ሁሉ የጠየቅኩት ለወሬ አልነበረም። እናቴ ልትመጣ ነበር።

እናቴ ቼንግሃይ በሚባል ሩቅ ከተማ፣ አሻንጉሊት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስትሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶኛል። ከሴት አያቴ ጋር ነው ያደግኩት። እናቴ በየእሁዱ በቪዲዮ ትደውላለች። በላሽ ወይ ትለኛለች፤ በላሁ እላለሁ። አልበረደሽም ወይ ትለኛለች፤ አልበረደኝም እላለሁ። ከዚያ ዝም ብለን እንተያያለን፣ አንዳችን ኔትወርኩ አስቸገረ እስክንል ድረስ። ኔትወርኩ ምንም አይሆንም።

ለአዲስ ዓመት ሳትመጣ ሁለት ዓመት አልፏታል። ዘንድሮ ግን በመቃብር መጥረጊያው በዓል፣ ወንድ አያቴ መቃብር ላይ ለመገኘት የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘች። እኔ የፈለግኩት ሦስት ቀኑን አልነበረም። ጨርሳ እንድትቀር ነበር የፈለግኩት። ከቤታችን በታች ያለው ኑድል ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ወረቀት ከለጠፈ ወር ሆኖታል። እየወጣሁ እየገባሁ ወረቀቱ እንዳይነሳ አየው ነበር።

መምህርት ፉ እንዲያነጋግሩልኝ ለመንኳቸው። አብራቸው ሩዝ የምትበላን ልጅ እናት ማየት በሥራቸው ክልክል መሆኑን ነገሩኝና «ራስሽ አነጋግሪያት» አሉኝ። እኔም እንደ ሥራ ፈቃድ ወሰድኩት።

ሐሙስ ማታ ገባች። ዓርብ መቃብሩን ጠረግን። ቅዳሜ ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አጠበች፣ የተበጠሱ ቁልፎቼን ተከለች፣ ሁለት ማሰሮ ሙሉ ጎመን በጨው ውኃ ዘፈዘፈች። የሚቀር ሰው እንዲህ አይጣደፍም። እሁድ ባቡሯ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መምህርት ፉ ለሥልጠና ቾንግቺንግ ሄደዋል፤ አበባዎቹን ውኃ እንዳጠጣ ቁልፉን ለእኔ ትተውልኛል። ጠዋት የምሠራበትን ቦታ ላሳይሽ ብዬ ከነሻንጣዋ ይዣት ወጣሁ።

በሩ ላይ ዓይኔን ጫማዋ ላይ ተከልኩ። እሷ ግን ጫማዋን እንዴት እንዳስቀመጠች ሳላይ የቤቱን ነጠላ ጫማ አንስታ ገለበጠችው። ጠርዙ ላይ ትርፍ ፕላስቲክ መቅረቱን ነገረችኝና በጥፍሯ ላጠችው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ዘዴ አልነበረኝም።

ከዝምታው ጀመርኩ። ለስላሳው ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ፊት ለፊቷ ዝም አልኩ። አየችኝ፣ ሰዓቱን አየች፣ ደክሞሽ ነው ወይ አለችኝ። በአራተኛው ደቂቃ እንቅልፍ ወሰዳት። መቀስቀስ ነበረብኝ። አልቀሰቀስኳትም። ከጆሮዋ ኋላ ያልለቀቀ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ በስክሪን አይታይም ነበር። ትንፋሿን ስቆጥር ሃያ ደቂቃ አለቀ።

ስትነቃ የቤት ሥራ ወረቀቱን ሰጠኋት። «የሆነው ነገር»፣ «የተሰማኝ»፣ «ያሰብኩት» የሚል ሰንጠረዥ ነው። እስክሪብቶውን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ብዙ አሰበች። ስትመልስልኝ «የተሰማኝ» በሚለው ሥር «ለሱይ ካልሲ፣ ለእማዬ የጉልበት ቅባት» ተጽፏል። ሱይ እኔ ነኝ።

የቀረኝ አሸዋው ነበር። መደርደሪያው ፊት አቆምኳትና የፈለግሽውን አንሺ፣ የፈለግሽበት አቁሚ አልኳት።

«ምን ላቁም? ንገሪኝ እንጂ።»

«የፈለግሽውን።»

አንድ ገበሬ አነሳች። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ፊቷ ሲበራ ያየሁት ያኔ ነው።

«እነዚህ የኛ ናቸው» አለች። «ዓይን የምሥለው እኔ ነኝ። እዚህ ጋ፣ ጥቁሩ ውስጥ፣ ነጭ ነጥብ ታያለሽ? እሷን ካልጨመርሽባት የሞተ ነው የሚመስለው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም መርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ አለች። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ አቧራቸውን የጠረግኩላቸው፣ እያፈረስኩ ወደ ቦታቸው የመለስኳቸው ዓይኖች ናቸው። ምናልባት ከጎኗ የምትቀመጠዋ ሴት ሥላቸው ይሆናል። እኔ ግን እናቴ ናት አልኩ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ ደህናዎቹን በቀኝ፣ እንከን ያለባቸውን በግራ አሰለፈች። አሸዋው ላይ እንጂ ጠረጴዛው ላይ አይደለም ስላት የተቆጣሁ መሰላትና ቶሎ ቶሎ ማቆም ያዘች። መሀል ላይ ቤት አቆመች። በሩ ላይ አሮጊት፣ ከአሮጊቷ አጠገብ ድስት፣ ከድስቱ አጠገብ ሁለት ጉንጉን ያላት ልጅ። ከዚያ በወዲያኛው ጠርዝ የጭነት መኪና። ከዚያ እጇን አራገፈች።

ሌላ ሴት እስክታነሳ ጠበቅኩ። መደርደሪያው ላይ ሻንጣ የያዘች ሴት አለች፤ አመሻሽ ላይ ሳፈርስ ሁልጊዜ መጨረሻ የማስቀምጣት እሷን ነው። እናቴ ዘወር ብላም አላየቻትም። ሰዓቱን ግን አየች። ስድስት ተኩል ሆኗል።

ሕግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሰው ሁሉ የምናገረው እኔው ነኝ። ግን እጄ ሄደ። ሻንጣ የያዘችዋን ሴት አንስቼ ከልጅቷ አጠገብ ተከልኳት፣ እስከ ጉልበቷ፣ እንዳትወድቅ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየቻት። ነቀለቻት። አሸዋውን በትንፋሿ እፍ ብላ አራገፈችና ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። ተመልሳ በግራ በኩል፣ እንከን ካለባቸው ጋር አሰለፈቻት።

ቢሆንም ሙያ ሙያ ነው። እግሬን አነባበርኩ፣ ድምፄን እንደ መምህርት ፉ ዝቅ አደረግኩ። ሴትዮዋን ያወጣቻት መመለስን በልቧ ስለምትፈራ እንደሆነ፣ መኪናው ሩቅ የቆመው ራሷን ስለምትቀጣ እንደሆነ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሁኔታ ተመራጩ ዘዴ አሸዋውና የቤተሰብ ምክሩ ተጣምረው ቢያንስ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ እዚሁ ሉጆው ተቀምጦ መከታተል እንደሆነ አስረዳኋት። ረጅም ነበር። ሳልንተባተብ ጨረስኩት።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከጥፍሯ ሥር አሸዋ እያወጣች ነበር።

«ሴትዮዋን ያወጣኋት ዓይኗ ስለተዛነፈ ነው» አለችኝ። «አንቺ ‹እማ፣ አትሂጂ› ማለት አቅቶሽ ነው ይሄን ሁሉ አሸዋ የምታስቆፍሪኝ?»