ጾማችሁን የሆናችሁ ወደ ዳር

መምህርት ሄለን መክሊትን ዛሬ ከሁለተኛ ክፍል ወደ አንደኛ ልትመልሳት ቆርጣለች። ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ መተኛት ከጀመረች ወር አልፏል፤ ቁጣውም ልምምጡም አልሠራም። ሰነፍ ናት፤ ሌላ ምን ይባላል? ለርዕሰ መምህሩ ለሽመክት ነግራዋለች። አሁን የሚጠበቀው ከምሳ በኋላ የአባቷ መምጣት ነው።

ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ትምህርት ቤት፣ አዝመራው በከሸፈበት በ2008 ዓ.ም.፣ ለልጆቹ ምሳ የሚበስለው ከእርዳታ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ወተት ስላለበት ሽመክት ለዐቢይ ጾም አንድ ሥርዓት አበጀ፦ የሚጾም ልጅ እንዳይገደድ፣ ገንፎው ከመታደሉ በፊት ከሰልፉ ይውጣ። ማስታወቁ የአብሳይዋ የእትዬ ፈንታነሽ ሥራ ሆነ።

ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ነው። እትዬ ፈንታነሽ ግን አፋቸው ለምዶ፣ ጭልፋቸውን አንስተው ተጣሩ፦

«ጾማችሁን የሆናችሁ ወደ ዳር!»

ሄለን ሳቀች። «እትዬ፣ በበዓለ ሃምሳ ማንን ሊያጾሙ ነው?»

«ውይ በሞትሁት! ይሄ አፌ እኮ...»

ሳይጨርሱ ሰልፉ ተሰነጠቀ። ልጆች ሳህናቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እየወጡ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። መክሊት ከፊት ነበረች።

የሄለን ሳቅ ከንፈሯ ላይ ደረቀ።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ወጣሽ?»

«ጾሜን ነኛ!»

«ፋሲካ አለፈ እኮ!»

«አውቃለሁ ቲቸር።» መክሊት ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ ቀስ ብላ ተናገረች። «ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም። ጾሙን ያደረ ይውጣ አላችሁን። በባዶ ሆድ ገንፎው የሚያም መስሎኝ።»

«ሁዳዴን በሙሉ እንዲሁ ስትወጪ ነበር?»

«አዎ።»

ጭልፋው ከእትዬ ፈንታነሽ እጅ ወደቀ። ሽመክት ከቢሮው ብቅ ብሎ «ምንድን ነው?» አለ። ለካ ሦስቱም፣ ቤታቸው የበሉትን ልጆች እየደገሙ ሲያበሉ፣ የተራቡትን እየመረጡ ሲያስወጡ ከርመዋል።

ሄለን የልጅቷን ክንድ ይዛ ወደ ድስቱ ሳበቻት። ክንዱ ከመቅጠኑ የተነሳ እጇ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

«ሁላችሁም ኑ! መጀመሪያ እናንተ!»

መክሊት እየተስገበገበች ጎረሰች።

«ቀስ፣ ያንቅሻል።» ሄለን አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «አብራሽ ትቀመጥ የነበረችው ባንቺዓለምስ? እሷም ትወጣ ነበር?»

«እሷማ ትምህርቱን ትታ ሞጣ ሰው ቤት ገባች፤ በግርድና።» ጉርሻዋን ዋጠች። «እዚያ ጾሙን ላደረም ይሰጣሉ አሉ።»

«የማን ቤት?»

«እንጃ።» ሳህኗን ዘረጋች። «ቲቸር፣ ይጨመርልኛል?»