የቬርሊን ሰሌዳዎች

ምርጫ ባለፈ ማግስት የተጣሉ የቅስቀሳ ሰሌዳዎችን ለቅሞ የዒላማ መቆሚያ ማድረግ የተኩስ ክለባችን የቆየ ልማድ ነው። ሰሌዳው ፕላስቲክ፣ እግሩ ሽቦ፤ መሬት ላይ ይሰካል፣ የወረቀት ዒላማ ይለጠፍበታል፣ አለቀ። ዘንድሮ የክለባችን አባል ክሊት ፒካፑን ሞልቶ ያመጣው ግን በሙሉ የቬርሊን ስታውፈር ሰሌዳ ነበር።

ቬርሊን የክሊት እኅት ባል ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ፣ እሱም ለወረዳው መንገድ ኃላፊነት ተወዳደረ። ሰሌዳው ላይ ጥርሱን ገልፍጦ የተነሳው ፎቶ ነበር። አርባ አንድ ድምፅ አገኘ። «አገሬው ንቆኛል» ብሎ ቤቱን ለሽያጭ አቀረበ፤ ፍሎሪዳ ልገባ ነው አለ። ሚስቱ ከአገሬ አልወጣም ብላ ስታለቅስ ሰነበተች።

ቅዳሜ ሊሰናበተን መጣ። ከየዒላማው ወረቀት በታች ጥርሱ ተደርድሮ ሲያይ ፊቱ ቀላ።

«እኔን ነው የምትተኩሱት?»

«አትቆጣ፣ የምንተኩሰው ከጥርስህ በላይ ነው» አልኩት። የሜዳው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ማጽናናት አልችልበትም።

እሱም ተሰልፎ አብሮን መተኮስ ጀመረ፤ የእሱ መቆሚያ በጥይት ሲበጣጠስ ሌላ ሊያመጣ የክለቡ መጋዘን ገባ። ሲወጣ የሰሌዳ ክምር ታቅፏል፤ የማተሚያ ቤቱ ማሰሪያ እንኳ አልተቆረጠም።

«ክሊት፣ ይኼ ምንድን ነው? ተከልኳቸው አላልከኝም?»

ምን ያለበት ዝላይ አይችልም፤ ክሊት ጠመንጃውን መወልወል ጀመረ።

«ዝናብ ነበራ!»

«ወር ሙሉ?»

«ደግሞ አንተን የማያውቅ ማን አለ? ሰሌዳ ምን ያደርግልሃል?»

«ስንት ተከልክ?»

«እናቴ ግቢ... አንድ።»

እንዲህ ያለ ልግመኛ! አሁን በጥፊ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተመኝቼም ነበር። የቬርሊን ፊት ግን ጭራሽ እየበራ ሄደ።

«ቆይ ቆይ፣ ያለ ሰሌዳ አርባ አንድ ሰው መረጠኝ ማለት ነው? አልናቁኝማ! አላዩኝም እንጂ!»

እዚያው ቆሞ ሚስቱ ጋ ደወለ። «ቤቱ አይሸጥም! በሚቀጥለው ምርጫ እወዳደራለሁ!» ሴትዮዋ በደስታ ስትጮህ እኛ ድረስ ተሰማን። የምርጫውን ነገር ግን የሰማች አልመሰለኝም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተማ መርጠኸኛል አይደል?»

የመረጥኩት ተቀናቃኙን ነበር፤ ለዚያውም የቬርሊን ጥርስ ትዝ እያለኝ እየሳቅሁ።

«ታዲያሳ!» አልኩት።

አጥብቆ አቀፈኝ። ያን ቀን ከሜዳው ሰው ሁሉ አብልጬ የናቅሁት ራሴን ነው።